የአያቶች ጣሪያ

«ይሄኔ ቢኖር ኖሮ ኮቱን እያነሳ ነበር» አለች አክስት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት እንደጀመረ።

ሦስተኛው የሐዘን ቀን ነው። ከየጎረቤቱ በውሰት በመጣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ ሟች ሚስት አየ፤ ካየ በኋላ ደግሞ እንዳላየ ለመምሰል ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር ያላደረገው ሳይቀር አማሰለ።

አክስት የሟች ታናሽ እህት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ግን ሁልጊዜ ከልቧ ቀድሞ ይደርሳል። ወንድሟ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቤት እንደሚወጣ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሌላው ሰው ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ እሱ ኮቱን ለብሶ ከቤቱ ይወጣል። የት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። የሚያውቅ ስለሌለም ሁሉም በአንድ ቃል ተስማምቷል፤ ሴት አለችው።

የሟች ሚስት ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችና «ጠጡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ልጇ ግን በገነች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። በጥርሷ ክር መበጠስ የለመደች ሴት ስለሆነች ስትቆጣም ጥርሷ ይቀድማል።

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ተዪን።»

«እንዴ! ምን አልኩ? ኮት ነው ያልኩት። ኮት ማንሳት ነውር ነው?»

አንድ ሰው ብቻ ሻዩን አላማሰለም። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ነው፤ የሟች የሥራ ባልደረባ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ዕቃ ሲያነሳ የኖረ፣ ስለዚህም ክሪክ የሚሉት። ሟች ደግሞ ግንበኛ ነበረና ቱንቢ ይባል ነበር፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለካባት፣ ከሲባጎ ጫፍ የምትንጠለጠለው ብረት ከኪሱ ተለይታው ስለማታውቅ። ቱንቢና ክሪክ። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ያቃናል። ክሪክ ከገባ ጀምሮ ዓይኑ ከመስኮቱ አልተነሳም። ዝናቡ ሲበረታ ጉልበቱን ያሻል፣ ሲያባራ ይተነፍሳል፣ ሲበረታ እንደገና ያሻል።

ቱንቢ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ለማወቅ የፈለገ፣ ሰው ቤት ሲገባ ማየት ነበረበት። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። የተንጋደደ ፎቶ ካየ ወሬው አይገባውም፣ የቀረበለት አይዋጥለትም። በመጨረሻ ይነሳና ሄዶ ያቃናዋል። ልጁን ሲድር የሙሽራውን ከረባት ሦስት ጊዜ አቃንቷል፤ ሙሽራው አራተኛውን ፈርቶ ከረባቱን አወለቀና ኪሱ ከተተው። ልጁ የልብስ ስፌት ሱቋን ስትከፍትም ከማንም ቀድሞ መጥቶ ቱንቢውን መግቢያው ላይ አንጠለጠለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አየና «በሩ ወደ ግራ ዘምሟል። ግድ የለም፣ ሥሪበት» አላት። ሥራ ከጀመረች በኋላም ሳምንት ሳይዘል እየመጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይለምናት ነበር። መሣሪያ መወልወያ ነው ይላታል።

እሷም በአባቷ ስም ነው የኖረችው። ደንበኛ ሁሉ «የቱንቢ ልጅ ናት፣ ስፌቷ አይጣመምም» እያለ ነው የሚመጣላት። በእነዚህ ሦስት ቀናትም ከምንም በላይ ያጽናናት፣ የሚገባው ሰው ሁሉ «ቀጥ ያለ ሰው ነበር» ሲል መስማቷ ነው። እንከኑ ያቺ የዝናብ ነገር ብቻ ናት። እሷንም ከልጅነቷ ጀምሮ አለመስማት ለምዳለች።

ግድግዳው ላይ፣ ከእናቷ ራስ በላይ፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል። ወጣቱ ቱንቢ ኮረብታው ላይ ካለው የድንጋይ ቤት አጠገብ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

የድንጋይ ቤት የሚሉት መቃብር ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም። አዛውንቱ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን ነው ይላሉ፤ የተማሩት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይጠራሉ፣ ሁለቱም ያው ነው። የቆሙ አራት ድንጋዮች፣ በላያቸው ከአውቶቡስ የሚከብድ አንድ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከፊት ለፊት ሰው ተንበርክኮ ብቻ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ውስጡ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አጥንት። ከሠላሳ ዓመት በፊት የኋላው ድንጋይ ሥሩ ለቆ ወደቀና ጣሪያው አብሮት ወረደ። መለኪያ የያዙ ምሁራን መጥተው ዞሩት፣ ሳሉት፣ ጻፉበት፤ ማንሳት ግን አልቻሉም። ያነሱት ክሪክና ቱንቢ ናቸው፣ በአሥራ አንድ ቀን፣ በእንጨትና በብልሃት። ፎቶው የዚያን ቀን ነው።

ዝናቡ ቀነስ ሲል የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጣ። ጫማውን በሩ ላይ ደጋግሞ ጠረገ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፣ ከሟች ሚስት አጠገብ ተቀመጠና ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«እናቴ፣ መሥሪያ ቤታችን ለባለቤትዎ ማስታወሻ ሊያቆምላቸው ወስኗል። በሰባተኛው ቀን፣ እዚያው መቃብሩ ጋ። ጽሑፉም ይኸውና፦ ‹ይህ ጥንታዊ መቃብር በቱንቢ ትክክለኛ እጅ ተነስቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።›»

የሟች ሚስት ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ልብስ ሰፊዋም አክስቷን ገላመጠቻት፤ እዪው አባቴን፣ ማለቷ ነው። ክሪክ ሻዩ ትን አለው። ሁለት ሰዎች ጀርባውን መቱት። ሲሻለው ተነሳና ልብስ ሰፊዋን በዓይኑ ወደ በረንዳው ጠራት።

«ልጄ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ጉልበቴ?»

«ይታጠፋል ወይ ነው የምልሽ። የእኔ አልታጠፍ አለኝ። ትናንት ሞክሬ አቃተኝ፣ ዛሬ ጠዋትም አቃተኝ። ሦስት ቀን ዘነበ እኮ!»

«ጋሼ፣ ምን እያሉኝ ነው?»

ክሪክ ወደ ቤቱ ውስጥ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያ ከኪሱ አንድ ቁልፍ አወጣ። «ዝናቡ ለሱቄ አስግቶኛል፣ አይቼ ልምጣ በያቸው። መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»

ኮረብታውን በቀስታ ወጡት። አባርቷል፣ ግን መሬቱ ሁሉ ውሃ ጠጥቷል። ክሪክ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመና በአንድ ትንፋሽ አወጣው።

«አባትሽ ተሳስቷል።»

«በምን?»

«በማቃናቱ። የኋላው ድንጋይ ድሮም ቀጥ ብሎ አልቆመም ነበር። ሆን ብለው ነው ያዘመሙት። የተተከለበት ጉድጓድ ሰያፍ ነበር፤ እኛ ጎርፍ የሸረሸረው መስሎን በጠጠር ሞላነውና ድንጋዩን አቆምነው። አባትሽ ቱንቢውን ጣለ፤ ፀጉር አያስገባም። አጨበጨቡልን።» እጁን በአየር ላይ ጠፍጣፋ አደረገና ወደ ኋላ አዘነበለው። «ጣሪያው እንዲህ መሆን ነበረበት። እኛ እንዲህ አደረግነው።» እጁን አስተካከለ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አባትሽ ሥራውን ሊያይ እየሮጠ ሄደ። ውስጡ ስንዝር ውሃ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየ፤ ውሃው መሄጃ አጥቶ መሃል ላይ ይተኛል፣ በስንጥቁ ይንጠባጠባል። እዚያው ሆኖ በጣቱ ጭቃውን ቢፍቅ ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? በእጅ የተቦረቦረ ቦይ። ከጣሪያው መሃል ተነስቶ ወደ ኋላ ጠርዝ የሚሄድ። ከጠርዙ በታች ደግሞ ሣሩ ሥር የተደበቀ ድንጋይ ለድንጋይ የተያያዘ መውረጃ አለ፣ እስከ ታች፣ ሰውም ከብትም ይጠጣበት እስከነበረው ጎድጓዳ ድረስ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ታች አየች። ጎድጓዳው አሁን ጠጠር ብቻ የሞላበት ነው።

«‹ገባህ?› አለኝ አባትሽ። ‹ጣሪያቸው ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። ዝናቡን እየተቀበሉ ለልጆቻቸው ይልኩላቸው ነበር። ሞተውም ያጠጡ ነበር። እኔ መጣሁና ቀጥ አድርጌ አስቆምኩት።› አለቀሰ ብልሽ ታምኛለሽ?»

«ለምን አልተናገረም? በማግስቱ ቢናገር ማን ይገድለዋል?»

«ሊናገር ነበር። በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። እናትሽ ቆርጣ ሰቀለችው፤ ሠፈሩን ሁሉ እየጠራች አሳየች። ‹ሰሞኑን ትደሰት፣ ከዚያ እናገራለሁ› አለ። ሰሞኑን ሳያልፍ መሥሪያ ቤቱ አጥር አጠረና ድንጋይ መንካት በወረቀት ሆነ። ለእሱ ይቺን የአጥሩን ቁልፍ ሰጡት፣ ጠባቂ ብለው። ቁልፉ ገብቶ ለመጥረግ ነው። ለማንሳት ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀቱን ለመጠየቅ ደግሞ ተሳስቻለሁ ማለት ያስፈልጋል። ዘንድሮ፣ ለከርሞ ሲል ሠላሳ ዓመት ሄደ። ዝናብ ሲጥል ይሄድና ውሃውን ይቀዳላቸዋል። አያቶቹ ይረጥባሉ ይለኛል።»

«የማን አያቶች?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹የማን እንደሆኑ ካልታወቀ የሁላችንም ናቸው› አለኝ።»

ክሪክ የአጥሩን በር በቁልፉ ከፈተላት፤ ልብስ ሰፊዋ በቀዳዳው ተንበርክካ ገባች። ጭቃው ጉልበቷን ዋጠው። ውስጡ ብርድ ነው ብላ ነበር፤ አይደለም። ሰው ሲተነፍስበት የዋለ ክፍል የሚመስል ሙቀት አለው። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ውሃውን አየችው፤ አጥንቶቹ ካረፉበት መደብ ሁለት ጣት ቀርቶታል። ግድግዳው ላይ ጣሳ ተንጠልጥሏል። አባቷ እጀታውን በሽቦ ጠፍሮታል፣ ቀጥ አድርጎ።

አጠገቡ ወዳለው ባልዲ ቀዳች። ባልዲው ሲሞላ በቀዳዳው ታስተላልፋለች፤ ክሪክ ተቀብሎ ከኋላ ዞሮ መውረጃው አፍ ላይ ይደፋዋል። «ዝም ብለው አይድፉትም እንዴ?» ብትለው «አባትሽ ወደ ልጆቻቸው ካልሄደ አይሆንም ይል ነበር» አላት። ወገቧ እስኪቆረጥ ቀዳች። ፍርሃት አልተሰማትም። እንግዳ ሲመጣ ጠጋ ጠጋ እንደሚሉ ሰዎች፣ ቦታ የለቀቁላት መሰላት።

ውሃው ሲያልቅ መደቡን ልትወለውል ፈለገችና ከጥግ አንድ እሽግ ጨርቅ አገኘች። ፈትታ ስታየው የራሷ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የአስተናጋጅ ሽርጥ ጥቁር፣ የመጋረጃ ትራፊ፤ የዓመታት ሥራዋ እዚያ ተቀምጧል። መሣሪያ መወልወያ! ከመደቡ ጫፍ አንዲት ትንሽ የራስ ቅል አለች፣ የሕፃን። ሥሯ አራት የታጠፈ ነጭ ሐር ተነጥፎላታል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን አወቀችው፤ ከራሷ የሠርግ ቀሚስ የተረፈ ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሰው ፊት ያላለቀሰችውን ለቅሶ፣ ድምፅ አውጥታ።

ስትወጣ ውሳኔዋን ይዛ ነው የወጣችው። «ጋሼ፣ ለማንም እንዳይናገሩ። ድንጋዩ ላይ ‹ትክክለኛ እጅ› ብለው ሊጽፉለት ነው። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬንም ቢሆን።»

«እኔማ ያኔም ምያለሁ» አለ ክሪክ። ደስ ያለው ግን አይመስልም ነበር።

ቤት ስትደርስ በጓሮ በር ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቷ ብርጭቆ ታጥባለች። ዞረች፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ዓይኗ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አዳለጠኝ።»

«ሁለቱንም ጉልበት?»

እናቷ እጇን በፎጣ አደራረቀች፤ ቀረብ ብላ ጭቃውን በጣቷ ነካች።

«ይሄን ጭቃ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አጥቤዋለሁ። በሳሙና አይለቅም፣ በቡጢ ነው የሚፈተገው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤቷ ሄደሽ ነው አይደል? ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። አንድ ጊዜ ተከትዬው ነበር፤ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ካላየሁት የለም ብዬ ተመለስኩ። አሁንማ ሞቷል፣ ምን ቀረኝ? እሷም ሰው ናት። ማልቀሻ አጥታ ከሆነ ትምጣ በያት። ወንበር አለ።»

የአባቷን ነገር እንዳታወጣ ከአንድ ሰዓት በፊት ከክሪክ ጋር ተማምላለች። ብትናገር ያ ቀጥ ያለ ስም፣ እሷም ሥራዋም የቆሙበት ስም፣ ሊወድቅ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ይቺ ሴት ለባሏ ውሽማ ወንበር እንዳዘጋጀች ልትሞት ነው። ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘጋችና ሁሉንም ነገረቻት።

እናቷ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስም «ስንት ናቸው?» አለች።

«እነማን?»

«ሰዎቹ፣ ውስጥ ያሉት።»

«እኔ እንጃ፣ ስድስት ይሆናሉ።»

«ወይ ጉድ! እኔ አንዲት ናት ብዬ ስቃጠል ስድስት ሆነው አረፉት!» አለችና አፏን በፎጣው ያዘች። «ደግሞ ጉልበቱ ብቻ ነው የሚጨቀየው። እኔ እኮ ተንበርክኮ የሚለምናት መስሎኝ፣ ‹አሁን ለእኔ አንድ ቀን ተንበርክኮ ያውቃል?› እያልኩ ሱሪውን ስደበድበው ነው የኖርኩት!»

ልጅቷ አልቻለችም፣ ሳቀች። እናቷም ለቀቀችው። ሁለቱ ተያይዘው ማድ ቤቱ ወለል ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እየወረደ። አክስት የለቅሶ ድምፅ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች። «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ! እግዜር የሰጠውን ነው የወሰደው!» ስትላቸው ባሰባቸው።

«እማዬ፣ ለማንም ግን…» አለቻት ልጅቷ፣ አክስት ስትወጣ።

«እኔ? ሠላሳ ዓመት የቻለ ሆድ አራት ቀን ያቅተዋል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ሴት ሆነች። በአራተኛው ቀን በደንብ በላች። በአምስተኛው ቀን ለአክስት ሻይ ራሷ ቀድታ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችላት። በስድስተኛው ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ እንደገና ማማሰል ጀመረ፤ እሷ ግን ወደ መስኮቱ እያየች በረጅሙ፣ በደስታ ተነፈሰች። «ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነካው» አለች አክስት በሹክሹክታ። ልብስ ሰፊዋ በዚያች ሰዓት በጓሮ በር ወጥታ ሄዳለች።

በሰባተኛው ቀን ሠፈሩ ሁሉ ኮረብታውን ወጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ አሁንም ጠቁሯል። አዲሱ ድንጋይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገና ማንበብ ጀመረ። «ይህ ጥንታዊ መቃብር በቱንቢ ትክክለኛ እጅ…»

የሟች ሚስት እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። «ልጄ፣ እሱ እንኳ ትክክል አይደለም።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ጨመደደች። «እማዬ! ስሙስ!»

እናቷ ወደ ጆሮዋ ዝቅ አለች። «የትኛው ስሙ? ፎቶው ሥር የተጻፈው ነው ወይስ ዝናብ ሲጥል ሻይ እያማሰሉ የሚሉት? እኔም አብሬ ያመንኩት?»

ልብስ ሰፊዋ ዙሪያዋን አየች። አክስቷን አየች፣ ጎረቤቶቹን አየች፣ ደንበኞቿን አየች። አባቷ እነዚህ ሰዎች መሃል ስንት ዝናብ አቋርጦ እንዳለፈ፣ ምን እንደሚሉት እያወቀ አንድ ቃል ሳይመልስ እንደሄደ ያን ጊዜ ገባት። ልቧ ቆሰለ። የእናቷን ክንድ ለቀቀች።

እናቷ ተናገረች። ምንም አላስቀረችም፤ ሰያፉን ጉድጓድ፣ ቱንቢውን፣ ቦዩን፣ ጣሳውን፣ የሱሪውን ጭቃ። «ባሌ አጥፍቷል» አለች፣ ድምፅዋ ላይ የነበረው ኩራት ግን ለሠርግ የሚሆን ነበር። «ቀጥ አድርጎ አበላሸው! ካበላሸው በኋላ ግን አልተኛም። እናንተ እዚህ ቤት ገባ፣ እዚያ ቤት ወጣ ስትሉ እሱ እዚህ ተንበርክኮ ለማያውቃቸው ሰዎች ውሃ ይቀዳ ነበር።»

አክስት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። «ወንድሜን! ምላሴን ይቁረጠው» አለችና ማልቀስ ጀመረች፤ አሁን በእውነት ነው ያለቀሰችው።

ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ከኋላ ዞረ፣ ድንጋዩን ነካ፣ ጣሪያውን አየ። ፊቱ ቀልቷል። «ይህማ ጥናት ያስፈልገዋል…»

«ጥናቱ አልቋል» አለ ክሪክ። «ሠላሳ ዓመት ተጠንቷል። አራት ጣት ወደ ኋላ፣ በቃ። ወጣት ስጡኝ እንጂ የት እንደሚገባ እኔ አሳያቸዋለሁ።»

ኃላፊው ለመቆጣትም ለመሳቅም አስቦ በመጨረሻ ሳቁ አሸነፈው። «እሺ። ክረምቱ ሲወጣ እንመልሰዋለን፤ ወረቀቱን እኔው እፈርማለሁ። እናቴ፣ ድንጋዩ ላይስ ምን እንጻፍ?»

«የሆነውን ነዋ። ሠላሳ ዓመት ውሃ ቀዳላቸው በሉ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ያን ጊዜ ወረደ፣ ቀጥሎ ሁሉም ተከተለ። ሰዉ እየተሯሯጠ ኮረብታውን ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ወደ መቃብሩ ልትሄድ ስትል እናቷ ቀድማት ሄዳለች።

«እማዬ፣ እኔ እገባለሁ። ጉልበትሽን ያምሻል።»

«ዞር በይ።»

ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ግራና ቀኙን አስተካክላ ከድንጋዩ ሥር አስቀመጠች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ በሁለት ጉልበቷ ጭቃው ላይ ወረደችና በቀስታ ገባች። ክሪክ ፊቱን አዞረ። ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን ታቅፋ ከቀዳዳው አጠገብ ተንበረከከች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች እናቷ ውስጥ ሆና፣ እንግዳ ሰው ቤት እንደገባች ሴት ፈራ ተባ እያለች። «እኔ ሚስቱ ነኝ።»

ጭቃው ውስጥ ጉልበቷን ስታመቻች ተሰማ።

«ቅር እንዳይላችሁ። ሳላውቃችሁ ብዙ ተራግሜያችኋለሁ።»

ከዚያ የጣሳ ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ አንድ እርጥብ እጅ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዞ በቀዳዳው ብቅ አለ፤ ልብስ ሰፊዋም በሁለት እጇ ተቀበለቻት።